የስፌት ማሽኔ ከበሮ የሆነበት ቅዳሜና እሁድ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ጻፍኩ ከተባለ በደብተሬ ላይ የሰው ልክ ነው የጻፍኩት፤ ደረት፣ ወገብ፣ ትከሻ፣ ቁመት። እሱንም የማነበው እኔ ብቻ ነኝ። የተማርኩት ደራ ነው፣ እስከ ስድስተኛ ክፍል፤ ከዚያ አዳማ መጥቼ ስፌት ለመድኩ። ይህን መጻፍ የጀመርኩት ስለተናደድኩ ነው። በአፌ ልናገረው ስሞክር ድምፄ ያንሳል፣ ሰውም አያስጨርሰኝም፤ መሃል ላይ ገብቶ «ታዲያ ጥሩ አይደል እንዴ፣ መድረክ ላይ ወጣሽ!» ይለኛል። ወረቀት አያቋርጥም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

የምሠራባት ክፍል ወደ መንገድ የሚከፈት በር አላት። ቀን ሱቅ ናት፣ ማታ መኝታዬ። ማሽኔ በእግር የሚረገጥ አሮጌ ማሽን ነው። ጥቁር ቀለሙ ከጎንና ከጎን ተልጦ ብረቱ ይታያል፣ ግን አንድም ቀን ስፌት ዘሎብኝ አያውቅም። ሰው ሱሪ ያስቆርጠኛል፣ ዚፕ ያስቀይረኛል፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ያሰፋኛል። በዚህ ነበር የምኖረው።

የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን አዲስ ልብስ ለማሰፋት ሲነሱ ግን ነገሩ ተለወጠ። እኔም ከመዘምራኑ አንዷ ነኝ፤ ኋላ ረድፍ፣ ከረጅሟ ልጅ ጀርባ፣ ማንም በማያየኝ ቦታ። አንዳንዶቹ «ለትልቁ ሱቅ እንስጠው፣ ሦስት ማሽን አለው» አሉ። አንዷ ደግሞ እየሰማኋት «እሷ እኮ ዚፕ ነው የምትቀይረው» አለች። የመዘምራኑ መሪ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ዞር ብለው አዩኝ።

«ትችያለሽ?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«በአፍሽ ንገሪኝ።»

«እችላለሁ፣ እትዬ።»

«በቃ፣ የምትሰፋው እሷ ናት» አሉ።

አሥራ ስድስት ልብስ ነው። ወይን ጠጅ ጨርቅ፣ ክሬም አንገትጌ፣ ሰፊ እጅጌ፣ ቁመቱ እስከ ቁርጭምጭሚት። ቆቃ ያለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ለእሁድ ከሰዓት ጋብዛን ስለነበር ሚኒባሱ ሰባት ሰዓት ላይ ከቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ይነሳል ተባለ። እንዲህ ያለ ሥራ ሰው አምኖ ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነው። ባይደርስልኝ የእትዬ ቃል ከእኔ ጋር ይወድቃል፤ እኔም ዕድሜ ልኬን ዚፕ የምትቀይረዋ ሆኜ እቀራለሁ። ሌሊት ሌሊት እንኳን የሚታየኝ ወይን ጠጅ ቀለም ብቻ ነበር።

አርብ ከሰዓት አካሉ ሁሉ ተሰፍቶ አልቋል። አምስቱን ጨርሼ ቤተ ክርስቲያን አስረክቤያለሁ፤ የቀረኝ የአሥራ አንዱን ልብስ የታችና የእጅጌ ጠርዝ አጥፎ መስፋት ነው። ቅዳሜን ከጠዋት ጀምሬ ብሠራ ፀሐይ ሳትጠልቅ እጨርሳለሁ ብዬ ሂሳቤን ይዤ ነበር። ያን ጊዜ ነው የአከራዬ ልጅ በሩ ላይ የቆመችው።

ይህች ልጅ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ደግ ናት፣ ሳቂታ ናት፣ ስትናገር እጇ አብሯት ይናገራል። ክፋት የለባትም። የሚያናድደኝ እሱ ነው፤ ክፋት ቢኖርባት ኖሮ መናደድ ይቀለኝ ነበር።

«የኔ ቆንጆ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ?»

«ምን?»

«ነገና ከነገ ወዲያ ሃካቶን አለብን። ሰው ተሰብስቦ በሁለት ቀን አዲስ ነገር የሚሠራበት ውድድር ነው። ያሁኑ የሙዚቃ ነው፣ ሙዚቃና ቴክኖሎጂ። እና እኛ ምን አሰብን መሰለሽ?» አለችና ማሽኔን በሁለት እጇ አሳየችኝ። «ይሄን! የሙዚቃ መሣሪያ እናደርገዋለን!»

«ማሽኔን?»

«አንነካውም ባክሽ! ሁለት ሽቦ ብቻ። አንቺ እዚያው ቁጭ ብለሽ ሥራሽን ትሰፊያለሽ፣ መርፌው በወጋ ቁጥር ኮምፒውተሩ ከበሮ ይመታል። እንደውም ልብሶቹን ይዘሻቸው ነይ። እየተወዳደርሽ ሥራሽንም ትጨርሻለሽ። አሪፍ አይደል?»

አይደለም ልላት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ባለፈው ክረምት ታምሜ ሳምንት ሙሉ ስተኛ ሾርባ ያመላለሰችልኝ እናቷ ናት። ልጅቷ ደግሞ ከፊቴ ቆማ እንደ ሕፃን ትጠብቀኛለች። ይሉኝታ ያዘኝ።

«ምንም አይደል» አልኩ።

ይህን ቃል አስምሩበት። ጥፋቱ ሁሉ የሚጀምረው ከእሱ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ማሽኔን በጋሪ ጫኑት፤ ባጃጅ አይችለውም። ፈረሱ በረገጠ ቁጥር ማሽኑ ይንቀጠቀጣል። እኔ ከኋላ ተቀምጬ በአንድ እጄ ማሽኑን፣ በሌላው በአንሶላ የጠቀለልኳቸውን አሥራ አንድ ልብሶች አቅፌያለሁ። አንድ የባጃጅ ሹፌር አጠገባችን ሲደርስ አንገቱን አውጥቶ «ሙሽራዋ ከነጥሎሿ!» ብሎ ጮኸ። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንሶላው ውስጥ ብገባ ደስ ባለኝ።

ውድድሩ የሚካሄደው በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነው። ሠላሳ የሚሆኑ ወጣቶች በየጠረጴዛው ላፕቶፕ ከፍተው ተቀምጠዋል። አንዱ ቡድን ጄሪካን ላይ ክር ወጥሮ ክራር እየሠራ ነው። ሌላው የውሃ ጠርሙሶች ደርድሮ በማራገቢያ ያስነፋል። ከአከራዬ ልጅ ጋር ሁለት ልጆች ነበሩ፤ አንዱ መነጽር ያደረገ፣ ኮምፒውተሩን የሚያዝዝ፣ ሌላው ኪቦርድ የሚጫወት ዝምተኛ። መነጽራሙ ማሽኔን ዞሮ ዞሮ አየና «ቀሽት ነው!» አለ። እኔን ገና አላየኝም።

መስፋት ልጀምር ስል አንዲት መታወቂያ በአንገቷ ያንጠለጠለች አስተናጋጅ መጣች። «እህቴ፣ ለትንሽ ጊዜ አቁሚልን። የክብር እንግዳው አሁን ይገባሉ፣ ድምፅ እንዳይሆን።»

አቆምኩ። አሁን የተባለው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሆነ። እንግዳው መንገድ ላይ ናቸው ተባለ፣ ደግሞ ቅርብ ናቸው ተባለ። በመጨረሻ ዛሬ አይመቻቸውም፣ ነገ ይመጣሉ ተባለና ተጨበጨበ። ምን ተብሎ እንደተጨበጨበ አልገባኝም፣ ግን እኔም አጨበጨብኩ። ጠዋቱ ሄዷል፤ አሥራ አንዱም ልብስ እንዳለ ነው።

ከዚያ ሽቦው መጣ። ሁለት አልነበረም። ወሬው እንዳይረዝም አሳጥሬ ልናገር፤ የማሽኑ ጎማ ላይ ትንሽ ማግኔት በማጣበቂያ ለጠፉ፣ ከመርፌው አጠገብ ማይክ አሰሩ፣ መርገጫው ሥር ደግሞ ስሙን የማላውቀው ነገር አስገቡ። መርፌዬ ወጋ፣ ስፒከሩ «ድም» አለ። እንደገና ወጋ፣ «ድም» አለ። እውነት ለመናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማው ደስ አለኝ። ከእግሬ ሥር ከበሮ የሚመታ ሰው ያለ መሰለኝ።

ደስታዬ ግን ከአንድ ልብስ አላለፈም። መነጽራሙ እጁን አነሳ።

«ቆይ ቆይ። አንዴ ትፈጥኛለሽ፣ አንዴ ትቆሚያለሽ። እኩል አድርገሽ ርገጪ፣ ቴምፖው እየተበላሸብን ነው።»

«ስፌት መጋጠሚያ ላይ ስደርስ መቆም አለብኝ» አልኩ፣ በቀስታ።

«እህ?»

«ጨርቁ እዚያ ጋ ይወፍራል። ካልቆምኩ መርፌው ይሰበራል።»

«እሺ እንግዲያው ልብሱን ተዪውና ባዶውን ርገጪ!»

የሚሰፋ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ያውቃል። ክር የገባለት ማሽን ያለ ጨርቅ ከረገጡት ታችኛው ክር ይተበተባል፣ ጨርቁን የሚገፋው ጥርስም ይፋጫል። ይህን ሁሉ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን ወደ ስክሪኑ ዞሯል። «ምንም አይደል» አልኩ፣ ክሩን አወጣሁና ባዶውን ረገጥኩ። ድም ድም ድም ድም። ግማሽ ሰዓት። አየር ሰፋሁ።

ሁለተኛውን ልብስ በመሃል ሰርቄ ጨረስኩ። ዘጠኝ ቀረኝ ብዬ ትንሽ ተጽናናሁ። ያን ጊዜ መነጽራሙ ጆሮውን ወደ ማሽኑ አስጠግቶ፣

«ይሄ ነገር ሲጥ ሲጥ ይላል። ማይኩ ውስጥ እየገባ ነው» አለ። ያሳየኝ መርገጫውን ከላይኛው ጎማ ጋር የሚያገናኘውን የቆዳ ቺንጊያ ነው። «በላስቲክ ብንቀይረው ችግር አለው?»

ሲጠይቀኝ እጁ ላይ መቀስ ነበር። የእኔ መቀስ! ከጨርቅ ሌላ ወረቀት እንኳን ቆርጬበት የማላውቀው። ዓይኔ መቀሱ ላይ ቀርቶ፣ አእምሮዬ ገና ጥያቄው ላይ ሳይደርስ፣ አፌ ከልማዱ «ምንም—» አለ። ቅጭ። ቺንጊያው መሬት ወደቀ።

ላስቲኩ አልሠራም፤ በየሦስት እርግጫው ይወጣል። ልጁም አፍሮ «ይቅርታ፣ የማይሆን አልመሰለኝም ነበር» አለ። እኔ ምን እንዳልኩት መገመት ትችላላችሁ።

የተቆረጠውን ቆዳ ይዤ ወደ ገበያ ሮጥኩ። የመለዋወጫ ሱቆቹ የመኪና ቺንጊያ እንጂ የስፌት ማሽን የላቸውም። በመጨረሻ አንዱ «ቆዳ ሠሪ ጋ ሂጂ» ብሎ አንድ ሽማግሌ ጠቆመኝ፤ የጋሪ ፈረስ ዕቃ የሚሠሩ ናቸው።

«አካም ኦልታን፣ አባባ» አልኳቸው። በኦሮምኛ ሰላም ስላቸው ፊታቸው ፈታ አለ። ቆዳውን ገለባበጡት።

«ይህ የተበጠሰ አይደለም። ማን ነው የቆረጠው?»

«ልጆች ናቸው አባባ። ሙዚቃ ሊሠሩበት።»

«በስፌት ማሽን?»

«አዎ።»

ወደ ጎረቤታቸው ጫማ ጠጋኝ ዞሩ። «አንተ ስማ! የዩኒቨርሲቲ ልጆች የስፌት ማሽን ሊያዘፍኑ ነው!»

«ያን አሮጌ ቡትስ ስጧቸው» አለ ጫማ ጠጋኙ ራሱን ቀና ሳያደርግ፣ «አብሮ ይጨፍርላቸዋል።»

ሁለቱም ሳቁ። እኔም ልስቅ ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም። ሽማግሌው ከፈረስ ዕቃ የተረፈ ጠፍር መዝዘው ከአሮጌው ጋር እየለኩ፣

«አንቺስ ሲቆርጡት የት ነበርሽ?» አሉ።

«አጠገባቸው።»

«ምን አልሻቸው?»

አቀረቀርኩ። ቀና ብለው አዩኝ፣ አዩኝና «ገባኝ» አሉ፣ ቆዳውን መብሳት ቀጠሉ።

ስመለስ አሥር ሰዓት ሊሆን ነበር። አዳራሹ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል። አዲሱን ቺንጊያ አስገባሁ፣ ማንንም ሳላይ፣ ማንንም ሳልሰማ ረገጥኩ። አራት ልብስ ጨረስኩ። አምስት ቀረኝ። አስተናጋጇ መብራት ማጥፋት ስትጀምር ማሽኑን ጭኜ ልመለስ አልኩ፤ የአከራዬ ልጅ ግን ክንዴን ያዘችኝ።

«አሁን ጋሪ ከየት ይመጣል? ነገ በጠዋት መጥተሽ እዚሁ ትጨርሻለሽ። የጨረስሻቸውንም መስቀያ ላይ እንስቀላቸው፣ ይዘሻቸው ብትሄጂ ይጨማደዳሉ።»

የመጨማደዱ ነገር እውነት መሰለኝ። ያላለቁትን አምስቱን በአንሶላው ጠቅልዬ ይዤ፣ ያለቁትን ስድስቱን ሰቅዬ ሄድኩ። ስህተት ከስህተት ይበልጣል ቢባል ይህ ይበልጣል።

እሁድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደረስኩ። በሩን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት የመዘምራን ልብስ የለበሰ መነጽራም ነው። ኪቦርድ ተጫዋቹም ለብሷል። የአከራዬ ልጅም ለብሳለች፤ እጅጌው ላይ ትንንሽ አምፖሎች በፕላስተር ተለጥፈውበታል፣ ቀይና አረንጓዴ ብልጭ ድርግም ይላሉ።

«ሰርፕራይዝ!» አለች ዞር ዞር እያለች። «ኮስቲዩም! ፏ አላልንም?»

እኔ ልዘምርበት፣ እትዬ ሊዘምሩበት፣ ቆቃ ያሉ ምእመናን ሊያዩት የተሰፋ ልብስ ነው። አውልቁ ማለት ነበረብኝ። አራት ፊደል ነው። የያዝኩትን አንሶላ ወንበር ላይ አስቀመጥኩ።

«ምንም አይደል፣ ብቻ እንዳይቆሽሽ» አልኩ። ራሴን በጥፊ ልመታው ቃጣኝ።

ወደ ማሽኔ ስሄድ ደግሞ የለም። መድረኩ ላይ አውጥተውታል፣ ሽቦው ሁሉ ወለሉ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። «አትንኪው!» አለ መነጽራሙ እየሮጠ። «በስንት መከራ አስተካክለነዋል። ተራችን እስኪደርስ አይነካም።» ፕሮግራሙ አራት ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ እኛ የመጀመሪያዎቹ ነን አለኝ። አራት ሰዓት ከሆነ ጊዜ አለኝ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ስልኬ ጮኸ። እትዬ ናቸው።

«እንዴት አደርሽ? ልብሱ ደረሰ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ደርሷል፣ እትዬ።»

ምን ነካኝ? ለምን እንዲህ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። በስልክ «አልደረሰም» ማለት ሰው ፊት ከመትፋት የከበደ መሰለኝ።

«ጎበዝ። የት ነሽ ታዲያ?» የሆቴሉን አዳራሽ ነገርኳቸው። «እንግዲያው ከአምልኮ በኋላ ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ፣ ከዚያ አብረን ወደ መኪናው እንሄዳለን» ብለው ዘጉት።

ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ በእጄ መስፋት ጀመርኩ። ጨርቁ የሚያንሸራትት ነው፣ በእጅ ሲሆን ለአንዱ ሰዓት ይፈጃል። ያም በሰላም አልሆነልኝም፤ በየአሥር ደቂቃው «ነይ፣ ድምፅ እንሞክር»፣ «ነይ፣ አቀማመጥሽን እንይ»፣ «ፀጉርሽን ትንሽ ወደ ኋላ አድርጊው» ይሉኛል። አራት ሰዓት ሆነ። የክብር እንግዳው አልመጡም። አምስት ሆነ። መድረክ መሪው በየጊዜው ማይኩን ይዞ «ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ» ይላል። አምስት ተኩል። የጨረስኩት አንድ ነው። አራት ቀረኝ። ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ሰውዬ ስለ ስፌት ምንም አያውቁም፤ እኔ ግን ከእሳቸው የተነሳ ማሽኔን ከሩቅ እያየሁ በእጄ እሰፋለሁ። በማላውቃቸው ሰው እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።

ስድስት ሰዓት ላይ የአዳራሹ በር ተከፈተና እትዬ ገቡ።

ግራጫ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰዋል፣ የቆዳ ቦርሳቸውን ይዘዋል፤ እንደ ወትሮው ቀጥ ብለው ነው የሚሄዱት። አስተናጋጇ አየቻቸው። አንዲት የተከበረች ሴት፣ በሰዓቱ፣ በበሩ። ማን ነዎት ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ስለዚህ አልጠየቀችም። አበባውን አንስታ ሮጠችና በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። መድረክ መሪው «የክብር እንግዳችን ደርሰዋል!» ሲል ሰው ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበ።

እትዬ ዓይናቸው ይፈልገኛል። «እኔ እኮ—» ሲሉ በአፋቸው ቅርጽ አየሁት። ግን ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዟቸው ወደ ፊት ወሰዳቸው፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰው ወንበር ላይ አስቀመጣቸው፣ የታሸገ ውሃ ከፈተላቸው። ያን ሁሉ ዓመት ክፍል ሙሉ ተማሪ በዓይናቸው ዝም ያሰኙ ሴት፣ አበባቸውን ታቅፈው፣ «አይ» ማለት አቅቷቸው ተቀመጡ። ማይክም ተሰጣቸው።

«እኔ እንኳን የመጣሁት» ብለው ጀመሩ። ጭብጨባ። ቆሙ። «የመጣሁት ለ—» እንደገና ጭብጨባ። ሰዓታቸውን አዩ። «በርቱ ልጆቼ። ሰዓት ግን አክብሩ» አሉና ተቀመጡ። ከሁሉም የበለጠ የተጨበጨበው ያን ጊዜ ነው።

ተራው የእኛ ሆነ። ያልጨረስኳቸውን ልብሶች ታቅፌ መድረኩ ላይ ወጣሁ። ሦስቱ ልጆች በወይን ጠጅ ልብስ፣ አምፖሉ እየበራና እየጠፋ፣ ከጎኔ ቆሙ። እትዬ ልብሱን አዩ። አምፖሉን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። አልተቆጡም፤ ያዩኝ «በአፍሽ ንገሪኝ» ያሉኝ ዕለት እንዳዩኝ ነው።

«በቀስታ፣ ባዶውን» አለ መነጽራሙ በሹክሹክታ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት—»

የግድግዳው ሰዓት ስድስት ከሃያ ይላል። ክር አስገባሁ፣ አንዱን ልብስ ከመርፌው ሥር አደረግኩ፣ ጠርዙን አጠፍኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው? ባዶውን እኮ ነው!»

«አይሆንም» አልኩ።

ማይኩ ክፍት ስለነበር በስፒከሩ ወጣ። አይሆንም፣ በትልቁ፣ በአዳራሹ ሙሉ። ድምፄን እንደዚያ ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ ረገጥኩ። እንደ ሱቄ፣ እንደ ራሴ ፍጥነት። ድምድምድምድም፣ መጋጠሚያ ላይ ስደርስ ቀጥ፣ ቀስ ብዬ ድም፣ ድም፣ አለፍኩት፣ ደግሞ ድምድምድምድም። ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፣ እኔ ቆምኩ፣ ጭብጨባው ግራ ገባው፣ ሳቅ ሆነ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ሊከተለኝ ሞከረ፣ ተወው፣ ደግሞ ሞከረ። መነጽራሙ ራሱን ይዟል። እኔ የማየው ጠርዙን ብቻ ነው። በተሰጠን አምስት ደቂቃ የታቹን ጨረስኩ፣ በዳኞቹ ጥያቄ ጊዜ ደግሞ እጅጌዎቹን።

«ሐሳቡ ከየት መጣልሽ?» ብሎ አንዱ ዳኛ ጠየቀኝ። «ይህ መቆም፣ መፍጠን፣ እንደገና መቆም?»

«ሰባት ሰዓት ላይ መኪና አለን» አልኩት።

አዳራሹ ሳቀ። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም። ክሩን በጠስኩ፣ ተነሳሁና ወደ ሦስቱ ዞርኩ። «አውልቁ» አልኩ። መድረኩ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ አወለቁ። የአከራዬ ልጅ አምፖሎቹን ስትነቅል ፕላስተሩ እጅጌው ላይ ነጭ ምልክት ተወ። እሷም «ውይ!» አለች፣ «ምንም አይደለም አይደል?»

«ችግር አለው» አልኳት። «ትልቅ ችግር።»

ደነገጠች። ከዚያ ልብሱን አጣጥፋ በሁለት እጇ ሰጠችኝ፤ እንዲህ አድርጋ ምንም ነገር ሰጥታኝ አታውቅም።

መስቀያው ላይ የቀሩትንም ሦስቱን አነሳሁ። እትዬ ቀድመውኝ ተነስተዋል። በሩ ላይ ስንደርስ አንድ ክራባት ያሰሩ ሰው ላብ በላብ ሆነው እየገቡ ነበር። አስተናጋጇ እሳቸውን አየች፣ እትዬን አየች፣ ባዶ እጇን አየች። እትዬ አበባቸውን ለሰውዬው አስታቀፏቸው። «የእርስዎ ነው» አሏቸውና ወጣን። ሽልማቱን የውሃ ጠርሙስ ያስነፉት ልጆች እንዳገኙት ኋላ ሰማሁ። ማሽኔን ማታ በጋሪ መለሱልኝ፤ ማግኔቷ ግን አለቅም ብላ እስከ ዛሬ ጎማው ላይ አለች፣ በዞረች ቁጥር አያታለሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ ከእትዬ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከኋላችን መዘምራኑ ልብሱን እየተቀባበሉ ይለካሉ፤ ዚፕ ነው የምትቀይረው ያለችኝ ልጅ አንገትጌውን በጣቷ ስትዳስስ በመስታወቱ አየኋት። ከከተማው ስንወጣ ሦስት ልብስ ያለ ጠርዝ ጭኔ ላይ ነበር፤ አንደኛው የእሳቸው። አልደበቅኩትም።

«ስልክ ላይ ደርሷል አልሽኝ» አሉ።

«አልደረሰም ነበር፣ እትዬ። ማሽኔን ሲጠይቁኝ ምንም አይደል አልኩ። ቺንጊያውን ሲቆርጡትም፣ ልብሱን ሲለብሱትም። ከዚያ እርስዎ ሲደውሉ...»

ወደ መንገዱ ዞሩ። እኔ የሚመጣውን ሁሉ ለመቀበል ተዘጋጅቼ ነበር፤ ሥራውን ለሌላ እንደሚሰጡት፣ የእኔን ነገር ከዚህ በኋላ እንደማያምኑት። ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ መነጽራቸውን አወጡ፣ አደረጉ። ከንፈራቸው ጠርዝ ላይ ሳቅ ይሁን ንዴት ያልለየሁት ነገር ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ አንቺም ምንም አይደል አትዪ፣ እኔም የሰው አበባ አልቀበልም። አሁን አንድ መርፌ ክር አስገቢልኝና የራሴን ልብስ ወዲህ አምጪው።»